ሁለት የፀሐይ ሰዓት በደሴ ግድግዳ ላይ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ

ቤቴ ግድግዳ ላይ ሁለት የፀሐይ ሰዓት አለ። የደቡቡ ኢናሜል ነው፤ ብረት ላይ በእሳት የቀለጠ መስታወት። የሰሜኑ ፖርስሊን ነው። ኢናሜሉ ሁለት ክረምት ከርሟል፣ ፖርስሊኑ አንድ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ጦሳ ተራራ ሥር። ዝናቡን፣ ጉሙንና በረዶውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይኼ ምንድን ነው? በእውነት ይሠራል? ይቆያል ወይ?" ይለኛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። አባቴ ኩታበር ገጠር ገበሬ ነበር። ሰዓት አልነበረውም። ግቢው መሐል ቀጥ ብሎ ይቆምና የጥላውን ጫፍ በዓይኑ ይይዛል። ከዚያ በባዶ እግሩ፣ ተረከዝና ጣቱን እያገናኘ ይቆጥራል። "ሰባት ጫማ ሆናለች" ይለናል፤ እኛም ምን እንደቀረን እናውቃለን። ሰው ቁመቱ በራሱ ጫማ ሰባት ገደማ ነው። ጥላው ከቁመቱ እኩል ሲሆን ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ላይ ናት ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። 31 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ ታንጀንት ሰሌዳ ላይ በጻፍኩ ቁጥር ያ ግቢ ይታየኝ ነበር። ጡረታ ስወጣ አንድ የፀሐይ ሰዓት በግድግዳዬ ላይ እንዲኖር ፈለግኩ። እንዲቆይም ፈለግኩ፤ የልጅ ልጆቼ እንዲያዩት።

የእህቴ ልጅ ጀርመን ነው ያለው። "ጋሼ፣ እዚህ የተዘጋጀ ሞልቷል፤ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ላምጣልህ" አለኝ። ቆይ አልኩት። የፀሐይ ሰዓት እንደ ባትሪ ሰዓት የትም የሚሰቀል ዕቃ አይደለም። 50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ላለ የደቡብ ግድግዳ የተሠራው፣ ጥላ የሚጥለው ዘንግ ከግድግዳው ጋር 40 ዲግሪ ይሠራል። ደሴ 11 ዲግሪ ላይ ናት። እኛ ጋ ዘንጉ 79 ዲግሪ መውጣት አለበት። ከግድግዳው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጫፉን ጥቂት ወደ መሬት ደፋ ያደርጋል።

መስመሮቹም ይለያያሉ። ደሴ ላይ ከቀትር መስመር እስከ 5 ሰዓት መስመር 14.7 ዲግሪ ነው። እስከ 4 ሰዓት 29.5፣ እስከ 3 ሰዓት 44.5። እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ጀርመን የተሠራው ላይ ግን የ3 ሰዓት መስመር ገና 33 ዲግሪ ላይ ነው። ያንን አምጥተን ብንሰቅለው ኖሮ ሲዋሽ ይኖር ነበር።

ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ የሚጋደመውን ዓይነት የሚወዱ ሰዎች አሉ። ፎቶ ላይ ያምራል። ለእኛ አገር ግን አልመክረውም። ደሴ ላይ ዘንጉ ከሰሌዳው 11 ዲግሪ ብቻ ቀና ይላል፤ የተኛ ያህል ነው። ከ3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያሉት መስመሮች በሙሉ 22 ዲግሪ ውስጥ ይታጨቃሉ። ወደ ምድር ወገብ ስንጠጋ ግድግዳ ይሻላል።

ስለዚህ በልክ አሠራን። ኢናሜሉን የሚሠራው ወርክሾፕ ሦስት ነገር ጠየቀን። ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ከዚያ ደግሞ ግድግዳው ከትክክለኛው ደቡብ በስንት ዲግሪ እንደሚዞር። ሦስተኛዋን በስልክ ኮምፓስ ለክታችሁ እንዳትልኩ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ፌሮና የጣሪያው ቆርቆሮ ኮምፓሱን ያሳስቱታል። እኔ የለካሁት በጥላ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ። ግቢው ውስጥ ጣውላ አጋድሜ በሊቬላ አስተካከልኩት። መሐሉ ላይ ቀጭን ብረት በቱንቢ ቀጥ አድርጌ ተከልኩ። በዙሪያው በክር ክብ አሰመርኩ። ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን ሲነካ ምልክት አደረግኩ። ከሰዓት በኋላ መልሶ ሲነካው ሌላ ምልክት። ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ታኅሣሥ ለዚህ ሥራ ደግ ወር ነው፤ በዚያ ሰሞን የፀሐይዋ መንገድ ከቀን ወደ ቀን እምብዛም አይለወጥም። ሦስት ቀን ደጋገምኩት። ግድግዳዬ ወደ ምሥራቅ 2 ዲግሪ ይዞራል። ያቺ 2 ዲግሪ ንድፉ ውስጥ ገባች።

ቁጥሩ በግዕዝ እንዲሆን፣ አቆጣጠሩም የእኛው እንዲሆን ጠየቅኩ። የእኛ አቆጣጠር ለፀሐይ ሰዓት የተሰፋ ልብስ ነው። ቀኑ ከጎሕ ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ፮ ይሆናል፣ ፀሐይ ስትገባ ፲፪ ይሞላል። የመጀመሪያው ንድፍ ሲመጣ ፮ እና ፯ ቦታ ተለዋውጠዋል። ሁለተኛው ላይ ፱ ተገልብጧል። ሦስተኛውን ባለቤቴም እኔም በየተራ አይተን አጸደቅነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ኢናሜል እሳት ከገባ በኋላ እርማት የለውም።

ኢናሜል ሲባል ቀለም ቤት በጣሳ የሚሸጠው እንዳይመስላችሁ። ስሙን ይዋሳል እንጂ ያ ቀለም ነው፤ ፀሐይ ይበላዋል። እውነተኛው ኢናሜል የተፈጨ መስታወት ነው። የእህቴ ልጅ ወርክሾፑ ሄዶ ሲሠራ በቪዲዮ ቀርጾልኛል። መጀመሪያ ብረቱ ይቆረጣል፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይበሳሉ። ከዚያ ቅባቱ እስኪለቅ ይታጠባል። በመጀመሪያ የሚቀባው ጠቆር ያለ ሽፋን ኮባልት አለበት፤ መስታወቱን ከብረቱ ጋር የሚያጣብቀው እሱ ነው። ከ800 ዲግሪ በላይ የጋለ ምድጃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይገባል። ቀይ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ነጩ ይቀባና እንደገና ይገባል። ከዚያ ሰማያዊዎቹ መስመሮች፣ እንደገና እሳት። ጀርባውም ይቀባል፤ አለዚያ ብረቱ ይጣመማል። መስታወቱ ከብረቱ ትንሽ ባነሰ ሁኔታ ስለሚኮማተር፣ ሲቀዘቅዝ ብረቱ ጨምቆ ይይዘዋል። ጥንካሬው ከዚያ ነው።

የእናቴን ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ነጭ ሳህን አስታወሰኝ። እሱም ኢናሜል ነበር። ዕድሜ ልካችንን በላንበት፤ ነጩ ነጭ እንደሆነ ነው። የዛገው ጠርዙ የተፈለጠበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃ ማወቅ ያለባችሁ ትልቁ ነገር ይኼው ነው፤ ኢናሜል ካልተፈለጠ አያረጅም፣ ከተፈለጠ ግን ብረቱ ይገለጣል።

የእኔም ተፈልጧል። በዝናብ አይደለም፣ በበረዶም አይደለም። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ደሴ የሚያውቀው ዓይነት በረዶ ወረደ፤ የጎረቤቴን ፕላስቲክ ጣሪያ በሳው። የፀሐይ ሰዓቴ ሳህን ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። የፈለጥነው እኛው ስንሰቅለው ነው። ሠራተኛው ትራፓኖ ይዞ ፊሸሩን በትክክል ከተተ። ከዚያ ቪቴውን እስከ መጨረሻው አጠበቀው። ቀጭን የጠጠር ድምፅ ሰማን፤ ከቀዳዳው ዳር ምስር የምታክል ቅርፊት ወደቀች። ከሥሯ ያ ጥቁር ሽፋን፣ ከዚያም ብረቱ ታየ። ከቪቴው ራስ ሥር ምንም አልነበረም። ወርክሾፑ አራት ቪቴ ልኳል፤ ለስላሳ ሮንዴላ ግን አልላከም። ለዚህ ዋጋ ይህን መርሳት አይገባም። እኔ በኋላ ከአሮጌ የባጃጅ ውስጥ ጎማ ክብ ክብ ቆርጬ ከፊትም ከኋላም አስገባሁ። ቪቴውን ደግሞ በእጅ ብቻ አጠበቅኩ። የተፈለጠውን ቦታ በጥሩ አሸዋ ወረቀት አጽድቼ የመኪና ቀለም ቀባሁት። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እደግመዋለሁ። ዝገቱ አልሰፋም።

ከፒያሳ በኩል የምታውቋቸው የሱቅ ባነሮች ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቀያቸው ሮዝ ይሆናል፣ ከዚያ ነጭ። የእኔ ሰማያዊ መስመሮች የመጡባት ቀን እንደነበሩ ናቸው። ከሳሙና ውኃና ከጨርቅ ሌላ ነገር አይፈልግም። ብቻ በሽቦ አትፈትጉት።

ዘንጉ ግን አልጠቀመኝም። የመጣው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነሐስ ነው። ለአውሮፓ ግድግዳ ይበቃ ይሆናል፤ እዚያ ወደ ታች ስለሚያዘነብል የሚያርፍበት የለም። እኛ ጋ ግን ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ለርግብ ጥሩ መቀመጫ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ጎበጠ። ኮምቦልቻ አንድ ብየዳ ቤት ይዤው ወረድኩ። ከካርቶን 79 ዲግሪ ቆርጬ ሰጠሁት። ባለሙያው በ8 ሚሊ ሜትር እስቴንለስ ሠራው፣ እግሩንም ሰፋ አደረገው። ካርቶኑን አራት ጊዜ እያስጠጋ ለካ። እስካሁን ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ዓይነት ሥራ እዚሁ አጠገባችን እንዳለ ስታውቁ ዘንጉን ከውጭ ማዘዝ አያስፈልግም፤ ሳህኑን ብቻ እዘዙ።

መስከረም ላይ ሰቀልነው። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ያ ሁሉ የበጋ ፀሐይ። ጠዋት ጥላው ከግራ ይነሳና ቀኑን ሙሉ ወደ ቀኝ ይጓዛል። ከዘንጉ ሥር 25 ሳንቲ ሜትር ወርዳችሁ ስታዩ አንድ ሰዓት 6.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አምስት ደቂቃ በግልጽ ትለያላችሁ። ከዚያ በላይ ማጥራት አይቻልም፤ ፀሐይዋ ራሷ ግማሽ ዲግሪ ስፋት ስላላት የጥላው ዳር ይደበዝዛል። የ፲፪ን መስመር ጥላ ነክቶት አያውቅም። ጦሳ ፀሐይዋን ቀድሞ ይወስዳታል።

"ከስልኬ ጋር አይገጥምም" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። መግጠምም የለበትም። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ደሴ 39.6 ላይ ናት። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስትቆጥሩ 21 ደቂቃ ተኩል ያህል ይመጣል። ፀሐይዋ ደሴ ላይ በዚያን ያህል ትዘገያለች። ከዚህ ሌላ መሬት ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ትክክለኛ ክብ ስላልሆነና ዘንጓ ስላዘነበለ፣ ፀሐይዋ በዓመት ውስጥ አንዴ ትቀድማለች አንዴ ትዘገያለች። ጥቅምት 24 ገደማ 16 ደቂቃ ትቀድማለች፤ የካቲት 4 ገደማ 14 ደቂቃ ትዘገያለች። ሁለቱን ስትደምሩ የደሴ ቀትር በስልካችሁ ጥቅምት መጨረሻ ላይ 6 ሰዓት ከ5 ነው፤ የካቲት መጀመሪያ ላይ 6 ሰዓት ከ36። ይህን የማስተካከያ ሠንጠረዥ በእኛ ወሮች ሳህኑ ግርጌ ላይ አስቃጥዬዋለሁ። 21 ደቂቃዋን መስመሮቹ ውስጥ ማስገባት ይቻል ነበር። ወርክሾፑም ያንን መክሮ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ግድግዳዬ ላይ የደሴ ቀትር እንዲታይ ነው የፈለግኩት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መጋቢት ከተጋመሰ በኋላ ጥላው ጠዋት ጠዋት መዘግየት፣ ማታ ማታ ቀድሞ መጥፋት ጀመረ። ሚያዝያ 1 ገደማ ፀሐይ ሳህኑ ላይ የምታርፈው ከ3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ብቻ ሆነ። ሚያዝያ 11 ገደማ ጭራሽ ጠፋች። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደርሳ ወደ ሰሜን ተሻገረች። እስከ ነሐሴ 17 ገደማ አትመለስም። ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ደሴ ላይ በዓመት አራት ወር ጨለማ ነው። ሰው ስለራሱ አገር ፀሐይ ይህን ማወቅ ነበረበት፤ ልቤ አዘነ። ግን ያንን ሁሉ ስሌት የሠራው ወርክሾፕ 11 ዲግሪን ሲያይ ማወቅ ነበረበት። አንድ መስመር ጽፎ "ለአራት ወር የሰሜን ግድግዳ ያስፈልጋችኋል" ቢለን ኖሮ ሁለቱን አንድ ላይ እናዝዝ ነበር፣ በአንድ ጉዞም ይመጣ ነበር።

ፖርስሊኑ የመጣው እንዲያ ነው። ለሰሜኑ ግድግዳ፣ ለጓሮው በኩል። ከሌላ ወርክሾፕ ነው ያዘዝነው፤ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር። ፖርስሊን የምታውቁት ነገር ነው። ቡና የምትጠጡበት ሲኒ ነው። ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ከሌሎች ማዕድናት ጋር ተቦክቶ ከ1,300 ዲግሪ በላይ ሲቃጠል ውኃ የማያስገባ ይሆናል። ብረት ስለሌለው ዝገት አያሰጋውም። አንድ ነገር ግን ጠይቁ፤ መስመሩ ያለው ከሚያብለጨልጨው ሽፋን በታች ነው ወይስ በላይ? የሲኒያችን የወርቅ ጠርዝ በእጥበት የሚለቀው ከሽፋኑ በላይ ስለተቀባ ነው። ኮባልት ሰማያዊ ያንን ሁሉ እሳት ስለሚችል ከታች መግባት ይችላል። የእኔ ከታች ነው። ጥፍሬን አሳልፌበት ምንም አይሰማኝም።

ሲመጣ አንድ ጥጉ ተሰብሮ ነበር። ሁለት ጣት የሚሸፍነው ያህል። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ወረቀት ብቻ ነው። ፎቶ ልከን ሦስት ሳምንት መልስ ጠበቅን። በመጨረሻ ከዋጋው ቀነሱልን፤ ሌላ ግን አልላኩም። የተሰበረው ቁጥር የሌለበት ጥግ ስለሆነ ተቀበልነው። ሁለተኛው ችግር አሰቃቀሉ ነው። ኢናሜሉ በአራት ቪቴ ስለተያዘ ትንሽ ዘንበል ካለ ከኋላው ጎማ ጨምራችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ፖርስሊኑ ግን በማጣበቂያ ከተለጠፈ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። እኔ ልስኑን አስነስቼ፣ በቱንቢ እያየሁ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

የሰሜኑ ላይ ጥላው በተቃራኒ ነው የሚሄደው፤ ከቀኝ ወደ ግራ። ዘንጉም ጫፉን ቀና ያደርጋል። ባለቤቴ ቡና የምታፈላው እዚያ ጓሮ ነው። ግንቦት ላይ ጀበናዋን ስትጥድ ታየዋለች። "፲ን ሳይነካ አቦሉ ይደርሳል" ትላለች። እውነቱን ለመናገር ከእኔ በላይ የምትጠቀምበት እሷ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመናው ስለማይገለጥ ብዙ ቀን ባዶውን ይውላል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃ ደቡቡን፣ በኢናሜል። የበጋውን ፀሐይ በሙሉ እሱ ነው የሚያገኘው። ዋጋው ከነመላኪያው ከአንድ ደህና ስልክ አይተናነስም። ስልኩ ግን ሦስት ዓመት አይቆይም።

ጎረቤታችን ሼኹ መጀመሪያ ዝም ብለው ያዩት ነበር። አንድ ቀን ቆም አሉና "መምህር፣ ይኼ ነገር ፀሐይዋ መቼ እንደዘነበለች ይናገራል?" አሉኝ። "አዎ ሼኹ፣ ጥላው የ፮ን መስመር ሲያልፍ ዘነበለች ማለት ነው" አልኳቸው። የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ወቅት የሚገባው ያን ጊዜ ነው። የመስጊዱን የወቅት ሰሌዳ ይዘው መጡ። የካቲት ነበር። ሁለታችንም ግድግዳው ሥር ቆመን ጠበቅን። ጥላው መስመሩ ላይ ሲያርፍ ስልኬ 6 ሰዓት ከ36 ይላል። ሰሌዳውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ቀስ ብለው። የእኔም ዓይን እንባ አቀረረ፤ አባቴ ግቢው መሐል ቆሞ ታየኝ።

ባለፈው ሳምንት የመስጊዱን ግቢ ግድግዳ አብረን ለካን። ጣውላዬን፣ ቱንቢዬንና ክሬን ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ ከበቡን፤ የጠዋቱን ምልክት ያደረገው አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ግድግዳው ወደ ምዕራብ 9 ዲግሪ ይዞራል። ቁጥሩን ልኬያለሁ። ሮንዴላዎቹንም አስቀድሜ ቆርጫለሁ።